የክንፈሚካኤል ቀይ ጓጉንቸር

ክንፈሚካኤል አያሌው የሞተው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የዘይት ፋብሪካው በርና አጥር፣ ቧንቧና ብረት ሁሉ ለሰኞ እንግዶች ሲባል ቀለም በተቀባ ማግሥት ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመው ይህ ፋብሪካ በአራት ዓመት ዕድሜው እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም። የሠላሳ አራት ዓመቱን መሐንዲስ ከአኩሪ አተር ማብሰያው ጋን ያወጡት ሠራተኞች ቃሬዛ ተሸክመው እንኳ አዲሱን ቀለም እንዳያበላሹ ከግድግዳው ራቅ ራቅ እያሉ ነበር የሚራመዱት። የእንግዳ ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል።

ኢንስፔክተር ዙለይካ ሀምዱ ከፍኖተ ሰላም ተነሥታ፣ በየኬላው እየተፈተሸች ስትደርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። አለቃዋ በስልክ የነገራት አጭር ነው። «አደጋ ነው። ጋኑን ያስነሣው ሰውዬ ውስጡን ሳያይ ነው ያስነሣው፤ ተይዟል። ሰኞ በአራት ሰዓት ከሁለት አገር ባለሥልጣናት ይመጣሉ። ከዚያ በፊት መዝገቡን ዝጊልኝ።» ዙለይካ የቡሬ እህል ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ወንጀል መርምራለች። ቶሎ ዝጊ የተባለችውን መዝገብ ሁለት ጊዜ የማንበብ ክፉ ልማድ አለባት። በዚሁ ልማዷ ምክንያት ማዕረጓ ካለበት ከተነቃነቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ሬሳው በፋብሪካው የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍል ውስጥ አቡጀዲ ለብሶ ተኝቷል። ከወገቡ በታች ማየት የሚቻል አልነበረም፤ ፊቱ ግን አልተነካም፤ አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን የከፈተ ይመስላል። እጁና ልብሱ በአኩሪ አተር ዱቄት ተለውሷል። ዙለይካ አቡጀዲውን ከደረቱ ገለጥ አደረገችው። አንገቱ ላይ እስከ ደረቱ የሚወርድ ጥቁር ማተብ አለ። ማተቡ ላይ የእንጨት መስቀል፣ ከመስቀሉ ጎን ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ታስራለች።

ሙስሊም ብትሆንም ቡሬ ያደገች ናትና፣ ማተብ ከሰው አንገት እንደ ዋዛ እንደማይበጠስ ታውቃለች። ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አንዱን ጠራች።

«እስቲ ወንድሜ፣ ቁልፏን ብቻ ፍታልኝ። ማተቡን እንዳትቆርጠው።»

ሰውዬው እንደተባለው አደረገ። «የጓጉንቸሩ ቁልፍ ናት» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። «ሁላችንም ቁልፋችንን ጓጉንቸሩ ላይ ሰክተን እንተዋለን። እሱ ግን ከማተቡ አይለያትም ነበር።»

የማሽኑ ማብሪያ ዘንድ የወሰደቻት ሜላት ናት፤ የፋብሪካው ጸሐፊና የውጭ አገሩ የቴክኒክ ኃላፊ፣ የሚስተር ቮልመር አስተርጓሚ። ዓይኗ አብጧል። ጋኑ ሁለት ፎቅ ቤት ያህላል፤ ውስጡ አተሩን የሚያማስል የብረት መቅዘፊያ አለው፤ ከሥሩ ካለው ማብሪያ ፊት ለፊት አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ላይ ስድስት ቀያይ ጓጉንቸሮች በስም በስማቸው ተንጠልጥለዋል።

«ደንቡ እንዲህ ነው» አለች ሜላት። «ጋን ውስጥ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የራሱን ጓጉንቸር ማብሪያው ላይ ይቆልፋል፤ ቁልፉን ይዞ ይገባል። ጓጉንቸሩ እዚያ እስካለ ድረስ ማን ቢያዝ ማሽኑ አይነሣም። ሲወጣ ራሱ ይፈታና እዚህ ይሰቅላል።»

«የእሱስ የት ተገኘ?»

«እዚሁ፣ ቦታው ላይ። ስለዚህ ሳይቆልፍ ነው የገባ እየተባለ ነው።»

ዙለይካ ጓንት አድርጋ የክንፈሚካኤልን ጓጉንቸር አወረደችው። ቆልማማው ብረት ላይ ቢጫ ቀለም ተለጥፎበታል። ዘወር ብላ ማብሪያውን አየችው፤ እሱም ቢጫ ነው፤ በጣቷ ብትነካው ገና ይይዛል።

«መቼ ነው የተቀባ?»

«ዓርብ ማታ፣ ሠራተኛው ሲወጣ። ዝናብ ስለሆነ እስካሁን አልደረቀም።»

ዙለይካ ጓጉንቸሩን ወደ ብርሃን ይዛ ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። ከቀለሙ በቀር ምንም የለበትም። በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እስቲ ሌላ ልጠይቅሽ። ክዳኑ ተከፍቶ ሰው ገብቶበት ሳለ ማሽኑ ዝም ብሎ ይነሣል? የእህቴ ወፍጮ እንኳ ክዳኑ ሲከፈት ይቆማል።»

ሜላት ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መስኮት ሰረቅ አድርጋ አየች። «እኔ የጽሕፈት ሰው ነኝ፣ ኢንስፔክተር» አለች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ስመኘው የአዴት ሰው ናቸው፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ንግግራቸው እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ የተስተካከለ። ጥቁር ክራቫት አስረው ነው የተቀበሏት።

«ጎበዝ ልጅ ነበር» አሉ። «ግን ችኩል። በአራት ሰዓት ተኩል ‹ለሙከራ አስነሣ› ብዬ ማሽኑን የሚያስነሣውን መልካሙን በራዲዮ ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ጓጉንቸሩን ሰሌዳው ላይ ሳየው ወጥቷል አልሁ። መልካሙ ደግሞ ከማስነሣቱ በፊት ጋኑ አፍ ላይ ወጥቶ መጣራት ነበረበት። ሁለት ስህተት ተገጣጠመ።»

«ጋን ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ?»

«የተለመደ ፍተሻ።»

«ለጓጉንቸሩ ሌላ ቁልፍ ይኖራል?»

«የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ቁልፍ።»

ከዚያ ወደ ሚስተር ቮልመር ገባች። ማሽኑን ያመጣው ኩባንያ ከባሕር ማዶ፣ ከራሱ አገር የላከው የቴክኒክ ኃላፊ ነው፤ ረጅም፣ ፀሐይ ያቀላው ሰው። ሜላት መሐል ተቀምጣ ታስተረጉማለች።

«የሚያሳዝን ነው ይላሉ» አለች ሜላት። «ክንፈሚካኤል ጓጉንቸሩን መቆለፍ ረስቷል። ሠራተኛው ደግሞ አልተጣራም።»

«ሌላ ቁልፍ የለም?»

ሜላት ጠየቀችው። መልሱን ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። «የለም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቁልፍ ይላሉ።»

ዙለይካ ጻፈችው። «ያ የታሸገ ሣጥን ምንድን ነው?» አለች፣ በመስታወቱ ውስጥ ከማሽኑ ራስ ላይ የሚታየውን፣ የኩባንያው ማኅተም ያለበትን ጥቁር ሣጥን እያሳየች።

«የማሽኑ አንጎል ነው ይላሉ። አዲስ ቴክኖሎጂ። የእናንተ ሰዎች እንዲከፍቱት አይፈቀድም።»

«ለምን?»

ቮልመር ትከሻውን ነቀነቀና ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሜላት ቃል በቃል አስከተለች። «መተማመን ይቀድማል፣ ቴክኖሎጂ ይከተላል። ሁለቱ መንግሥታት ከተኳረፉ ወዲህ ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ንድፍ እንኳ አሳዩ አይልም። ሌላ አገር ያለው እህት ፋብሪካችን ሁሉንም ወስዷል፤ ወዳጅ አገር ነው። እዚህ ግን ሁለቱ ወገኖች ሰኞ ተገናኝተው፣ የቴክኖሎጂ ሽግግሩ ተጠናቋል ብለው ይፈርማሉ፤ ያኔ ምናልባት ይከፈት ይሆናል።»

«ከአቶ ስመኘው ጋርስ ይስማማሉ?»

ይህን ሲሰማ ቮልመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሜላት ሳትስቅ ተረጎመችው። «በአራት ዓመት በምሳ ሰዓት እንኳ ተስማምተን አናውቅም ይላሉ።»

ዙለይካ ደብተሯን ዘጋች። በአንድም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ በሁለት ቋንቋ፣ በአንድ ሰዓት ልዩነት፣ አንዲትን መልስ ቃሏ እንኳ ሳይዛነፍ ሰጥተዋታል። ይህ አልጣማትም።

መልካሙ ታረቀኝ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር እያለለት መሬት ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከፋብሪካው በፊት የእህል ወፍጮ ያስነሣ ነበር።

«ወንበሩ ላይ ይቀመጡ እንጂ አባ» አለችው ዙለይካ።

«እዚህ ይሻለኛል።»

«ማብሪያውን አይተውታል?»

«አየሁት። ቀይ ነገር የለበትም። ራዲዮው ‹አስነሣ› አለኝ፤ አስነሣሁ።»

«ወጥተው አልተጣሩም?»

«አልተጣራሁም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስጣራ ኖሬ፣ ጓጉንቸር ከሌለ ሰው የለም ብዬ ዘንድሮ ተውሁት። ክንፈሚካኤል አበልጄ ነው እኮ። የሴት ልጄን ክርስትና ያነሣ እሱ ነው። ድምፁን ሰማሁት። መጀመሪያ ብረቱ የጮኸ መስሎኝ ነበር።»

ዙለይካ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በሥራዋ ብዙ ለቅሶ ሰምታለች፤ ይህ ግን ሳያለቅስ የሚናገር ሰው ነው፤ እሱ ባሰባት።

«አንዲት ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አላት መልካሙ። «እሥሩን እችለዋለሁ። ቆልፎ ነው የገባ፣ ወይስ ሳይቆልፍ? ቆልፎ ከነበረ ጓጉንቸሩን ማን ፈታው? ሳይቆልፍ ከገባም አበልጄ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። እናቱ እማማ እናኑ ‹ልጄን ፈጨህብኝ› ብለው ልከውብኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ፍርድ ቤት ከሚሰጠው ዓመት ይልቅ ይህ ሰው የሚፈራው የዚህችን ጥያቄ መልስ ነበር። ዙለይካ ያን ቀን ማታ ለአለቃዋ ደውላ እስከ ሰኞ ጠዋት ጊዜ ለመነች። አለቃዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። እሷም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

እሑድ ቀብሩ ላይ ሄደች። ከቡሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በጭቃ። አቶ ስመኘውና ሚስተር ቮልመር ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ዝናቡ ሲጠነክር አቶ ስመኘው ጃንጥላቸውን ወደ ቮልመር አስጠጉለት። አስክሬኑ ሲገባ ሜላት ከቤተ ዘመዱ ሁሉ ይልቅ ጮኻ አለቀሰች። ዙለይካ ሕዝቡ እስኪበተን ጠብቃ ከባሕር ዛፉ ሥር ያዘቻት።

«ምን አድርገሻል?» አለቻት።

ሜላት ለመካድ አቅም አልነበራትም። «ክንፈሚካኤል ደብተሩን የሰጠው ለእኔ ነው» አለች። «ሦስት ዓመት የጻፈው ደብተር ነው። ማሽኑ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አይነግሩንም። እሱ ግን ማሽኑ ሲጮህ፣ ሲሞቅ፣ ሲቆም እያዳመጠ፣ የቁጥሩን ሁሉ ትርጉም በአማርኛ ጽፎ ጨረሰው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሣጥኑን ከፈተው።»

«ምን አገኘ?»

«ከውስጡ የእህት ፋብሪካው ስም ነው ያለ። እነሱ አዲስ ሲመጣላቸው የጣሉት አሮጌ ነው። ክዳን ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ዕቃ ለእነሱ መለዋወጫ ይሁን ተብሎ ተፈትቶ ቀርቷል፤ ገመዱ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። አዲስ ነው ብለው ያስረከቡ ሚስተር ቮልመር ናቸው። አዲስ ነው ብለው ፈርመው የተቀበሉ አቶ ስመኘው ናቸው። ሰኞ ለእንግዶቹ እነግራለሁ አለ። በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ ብሎ ዓርብ ሰጠኝ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! ጻፍሁና ማተሚያው ላይ ላክሁት። ማተሚያው ያለው አቶ ስመኘው ክፍል ነው። ሁልጊዜ እሳቸው ዓርብ ከሰዓት አይኖሩም ነበር። ያን ዕለት ግን በቀለሙ ምክንያት ቆይተው ነበር። ወረቀቱን ይዘው ወደ ሚስተር ቮልመር ክፍል ሲገቡ አየኋቸው። በራቸው ሲዘጋ ሳይ ተገረምሁ፤ አብረው ተቀምጠው አያውቁማ።»

ዙለይካ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «አሁን በደንብ መልሺልኝ። ጓጉንቸር ቁልፉ ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?»

«አንድ ዋና ቁልፍ አለ፤ ሁሉንም ይከፍታል። ካዝና ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አገሮቹ ሲጣሉ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የላከው ካዝና ነው። በሁለት ሰው ጣት ካልሆነ አይከፈትም፤ የሚስተር ቮልመርና የአቶ ስመኘው፣ እኩል ሲነካ። አንዱን ብቻውን አያምኑትም። አምና አቶ ስመኘው አዴት ለቅሶ ሄደው፣ አንድ ጓጉንቸር እምቢ ብሎ ሦስት ቀን ፋብሪካ ቆሟል።»

«ሲከፈት ይመዘግባል?»

«ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማን ጣት እንደሆነ። መዝገቡ ግን የሚታየው ሲከፈት ነው።»

ሰኞ በሁለት ሰዓት፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው፣ ሁሉም በአቶ ስመኘው ቢሮ ተሰበሰቡ። ቮልመር ሙሉ ልብስ ለብሷል። ሜላት መሐል ላይ ተቀምጣለች። መልካሙ ካቴና እንደታሰረ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል፤ ቁጭ በል ቢሉት እምቢ አለ። ካዝናው ጥግ ላይ ነው።

«እንግዶች አሉብን» አሉ አቶ ስመኘው ሰዓታቸውን እያዩ።

«አላቆያችሁም» አለች ዙለይካ። ጓጉንቸሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «መጀመሪያ ይህን እንይ። ሳይቆልፍ ገባ ተባለ። ይህ ቢጫ ቀለም ግን የማብሪያው ቀለም ነው፤ ዓርብ ማታ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ነው የተቀባ። ሰሌዳው ቀለም አልነካውም። ስለዚህ ይህ ጓጉንቸር ቅዳሜ ጠዋት ማብሪያው ላይ ነበር። ክንፈሚካኤል ቆልፎ ነው የገባው።»

መልካሙ ከኋላ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ምናልባት ወጥቶ ፈትቶት፣ የረሳው ነገር ኖሮ ተመልሶ ገብቶ ይሆናላ» አሉ አቶ ስመኘው።

«እኔም እንዲህ ብዬ አስቤ ነበር። ጋን ውስጥ የገባ ሰው ግን እጁ በዱቄት ይለወሳል። እጁን አይቸዋለሁ። በዚያ እጅ ይህን እርጥብ ቀለም ቢነካው ኖሮ ዱቄቱ ተጣብቆ ይቀር ነበር። አንዲት ቅንጣት የለበትም። ጓጉንቸሩን ፈትቶ የሰቀለው ሰው እጁ ንጹሕ ነበር። የክንፈሚካኤል ቁልፍ ደግሞ ከማተቡ ጋር ጋኑ ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ሌላ ቁልፍ አለ።»

ሜላት ታስተረጉማለች። ቮልመር አንድ አጭር ቃል መለሰ።

«የለም ይላሉ።»

«አዎ፣ ሁለታችሁም ‹አንድ ሰው፣ አንድ ቁልፍ› ብላችሁኛል። የጠረጠርሁት ያኔ ነው። በምሳ ሰዓት የማይስማሙ ሰዎች በአንድ ውሸት ቃል በቃል ከተስማሙ ተቀምጠው ተነጋግረውበታል ማለት ነው። ዋናው ቁልፍ እዚህ ካዝና ውስጥ ነው። ካዝናው ደግሞ በአንድ ሰው ጣት አይከፈትም። ከሁለታችሁ የትኛው ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ማድከም አላስፈለገኝም። አለቆቻችሁ ሁለታችሁንም ስለማያምኑ፣ አንዳችሁ ብቻውን ገዳይ መሆን እንዳይችል አድርገው ነው ካዝናውን የሠሩት።»

ከውጭ የቀለም ቀቢዎቹ መሰላል ሲጎተት ይሰማል።

«ይህ ግምት ነው» አሉ አቶ ስመኘው። ክራቫታቸውን ነካኩ።

«እንግዲያው ክፈቱልኝ። ቅዳሜ ካልተከፈተ መዝገቡ ራሱ ይናገራል፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄ እሄዳለሁ።»

አቶ ስመኘው ተነሡ። አረማመዳቸው የድፍረት ነበር፤ ጣታቸውን ካዝናው ላይ አሳርፈው ወደ ቮልመር ዞሩ። የተማመኑት እሱ እምቢ ይላል ብለው ይሁን ወይም አብሮ ይከፍታል ብለው፣ ያን እግዜር ይወቅ። ቮልመር ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ተናገረ።

«ምን አለ?» አለች ዙለይካ።

ሜላት አቶ ስመኘውን እያየች ተረጎመች። «ኤምባሲዬ ሳይኖር ምንም አልነካም። የአገር ውስጥ ሠራተኞች ያደረጉት ነገር እኔን አይመለከተኝም ይላሉ።»

አቶ ስመኘው ጣታቸውን ከካዝናው አነሡ። ፊታቸው ላይ ያ ሁሉ የተተኮሰ ነገር በአንዴ ተጨማደደ።

«አይመለከተኝም?» አሉ። «አይመለከተኝም አለ? ጓጉንቸሩን ያወለቀ ማን ነው? እኔ ነኝ? ‹እኔ እፈታለሁ፣ አንተ በራዲዮ ታዛለህ› ያለ ማን ነው? ሣጥኑ አሮጌ መሆኑን እኔ ከወረቀቱ ነው ያየሁት፤ እሱ ከመጀመሪያው ያውቃል!»

ቮልመር በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ ሜላት መተርጎሙን አላቋረጠችም፤ አሁን እንባዋ ይወርዳል። «እሱ ነው ይላሉ። ‹ክንፈሚካኤል ሰኞ ሳይናገር ራሱ ገብቶ ገመዱን ያረጋግጥ› ብሎ ጋን ውስጥ የላከው እሱ ነው። እኔ ለማስፈራራት ብቻ መስሎኝ ነበር። አስነሣ ያለው እሱ ነው።»

«ውሸታም! እኔ ያለ እሱ ጣት ካዝናውን መክፈት አልችልማ!» አሉ አቶ ስመኘው።

«ያለ እርስዎ ጣትም እሱ አይችልም» አለች ዙለይካ። ቮልመርን እንዲይዙት ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። ከዚያ የተናገረችውን፣ በኋላ መዝገቡ ላይ ባትጽፈውም፣ እዚያ የነበሩ ሁሉ ያስታውሱታል። «አራት ዓመት ሙሉ አንድ ብሎን አልተካፈላችሁም። ያ ልጅ የአንዱን አገር ዕውቀት በሌላው ቋንቋ ጻፈው፤ እሱን ለማጥፋት ግን ተማመናችሁ። ሁለት መንግሥት የቸገረውን ነገር እናንተ በአንድ ዓርብ ማታ ጨረሳችሁት።»

የመልካሙን ካቴና ፈትታ ለአቶ ስመኘው ያጠለቀችላቸው ራሷ ናት።

እንግዶቹ በአራት ሰዓት መጡ። ከመኪናቸው አልወረዱም። በር ላይ ግማሽ ሰዓት በስልክ ተነጋገሩና አዲሱን ቀለም በመስኮት እያዩ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰ፤ በሁለቱ ወገኖች መሐል መተማመን ስለጎደለ የቴክኖሎጂ ሽግግሩ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል ይላል። የክንፈሚካኤል ደብተርም የኩባንያው ንብረት ስለሆነ እንዲመለስ ይጠይቃል። ለሟች አንዲት ቃል አልተጻፈችም። ዙለይካ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሜላት ያስረከበቻት ደብተር በማስረጃነት ተይዟል የሚል መልስ ጽፋ፣ እስከ መቼ እንደምታቆየው ሳታውቅ ቆለፈችበት።

ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄደች። መልካሙ ከተፈታ ሰዓታት አልፈውታል፤ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጧል። በሩ ክፍት ነው።

«ወደ ቤትዎ ይሂዱ እንጂ» አለችው።

«ቆልፎ ነበር» አለ መልካሙ። «ቆልፎ፣ በእኔ ተማምኖ ገባ። እኔም በጓጉንቸሩ ተማመንሁ። አንዲት ጊዜ ‹አበልጄ› ብዬ ብጣራ ኖሮ ‹አቤት› ይለኝ ነበር።»

ሕጉ ነፃ ነዎት ይላል፤ ማስረጃውም እንዲሁ። ሁለቱም ለዚህ ጥያቄ አልተጻፉም።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እማማ እናኑ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ ብቻቸውን በእግራቸው መጥተዋል። መልካሙ ሲያያቸው እግራቸው ሥር ሊወድቅ ተነሣ። በእጃቸው አገዱት።

«ተው። አትንካኝ» አሉት። «ሁሉንም ነግረውኛል። በደል የለብህም ብለውኛል። ጆሮዬ ሰምቷል፤ ልቤ አልሰማም። ይሰማ እንደሁም አላውቅም።»

«እማማ፣ እኔ...»

«አትናገር። ነገ ሣልስቱ ነው። ለቅሶ ላይ ከጎኔ የአበልጁ ቦታ ባዶ ሆኖ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ መልስ መስጠት ደከመኝ። መጥተህ ተቀመጥ። እንዳታየኝ፣ እንዳታዋራኝ። ብቻ ተቀመጥ።»

ዘወር ብለው ወጡ። መልካሙ ጫማውን እንኳ ሳያስር፣ ዐሥር ርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ተከተላቸው። ዙለይካ ደጃፉ ላይ ቆማ አየቻቸው፤ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ አሮጊቷ አልቆሙም፣ ሰውየውም አልቀረባቸውም።